ጽሑፍን ለመተንተን የሚያገለግሉ የሰዋስው፣ የዘይቤና የሥነ ጽሑፍ ስያሜዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከተማሪዎች፣ ከጀማሪ ጸሐፊዎችና ንባብ ከሚወዱ ሰዎች በየጊዜው የሚነሡ ናቸው። ስያሜ ያለ ምሳሌ ስለማይጨበጥ፣ ለዚሁ ብዬ የጻፍኋትን ባለ ሁለት ስንኝ ግጥም ደጋግሜ እጠቅሳለሁ፦

ጨረቃ ስትወጣ ደመና ተከዘ፤
ያላየውን ብርሃን አቅፎ እንደያዘ።

ስያሜዎቹን ሳላውቅ ሳነብ ኖሬአለሁ። አሁን ባውቃቸው ምን ይጨምሩልኛል?

ለንባብ ደስታ ስያሜ ግዴታ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ደስ ያሰኘንን ነገር ለሌላ ሰው ማሳየት ስንፈልግ ነው፤ «በጣም ያምራል»፣ «ልብ ይነካል» እንልና ቃል ያጥረናል።

ከላይ ያለችውን ግጥም ሦስት ሰዎች አነበቧት እንበል። አንደኛው «ደስ ትላለች» ይላል። ሁለተኛው «ደመናው እንደ ሰው መተከዙ አሳዘነኝ» ይላል። ሦስተኛው «ሰውኛ ዘይቤ አለባት» ብሎ ዝም ይላል። ለእኔ ከሦስቱ የሚበልጠው አንባቢ ሁለተኛው ነው፤ ስሙን ባያውቅም ነገሩን አይቶታል። ሦስተኛው ስሙን ይዞ ነገሩን አልፎታል። ለሁለተኛው ሰው «ሰውኛ» የሚለው ስያሜ ሲጨመርለት ግን አዲስ ነገር ያገኛል። ሌላ ጽሑፍ ውስጥ የሚያኮርፍ ወንዝ ወይም የሚጣራ መንገድ ሲያጋጥመው ከደመናው ጋር ዘመዳሞች መሆናቸውን ያውቃል፤ ማወዳደርም ይጀምራል። «እዚህ ግዑዙ ነገር የሰው ስሜት ተሰጠው፤ እዚያ ግን የሰው ድርጊት ብቻ ነው የተሰጠው» ማለት ይችላል። ስያሜ የሚፈለገው ለዚህ ዓይነቱ ማስተዋል ነው።

ከሰዋስው፣ ከዘይቤና ከልብ ወለድ አላባውያን (እንደ ሴራና ጭብጥ ካሉት መሠረታዊ ክፍሎች) የትኛውን ላስቀድም?

ሰዋስውን። ብዙ ሰው ደረቅ ስለሚመስለው ይዘለውና በቀጥታ ወደ ዘይቤ ይሄዳል፤ ኋላ ግን «ይህ ዓረፍተ ነገር ለምን ከበደኝ?» የሚለውን መመለስ ያቅተዋል። ሰዋስው ሲባልም ሁሉንም ማለቴ አይደለም። ባለቤትን ከተሳቢ፣ ጥገኛ ዓረፍተ ነገርን ራሱን ከቻለው፣ አድራጊ ግስን ከተደራጊ መለየት ለመነሻ ይበቃል። ቀጥሎ አምስት ስድስት ዘይቤዎችን ይያዙ። የቀሩትን የሚያነቡት ጽሑፍ ራሱ ይጠራቸዋል።

መጻሕፍት በስያሜ አይስማሙም። አንዱ ስምንት የቃል ክፍሎች አሉ ሲል ሌላው አምስት ይላል። የትኛውን ልመን?

ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ ልክ ናቸው፤ የሚለያዩት በመመዘኛቸው ነው። ነባሩ አከፋፈል ስም፣ ተውላጠ ስም፣ ቅጽል፣ ግስ፣ ተውሳከ ግስ፣ መስተዋድድ፣ መስተጻምር እና ቃለ አጋኖ ብሎ 8 ይቆጥራል። ይበልጡን የሚመለከተው ቃሉ የሚሰጠውን ትርጉም ነው። በኋላ የመጡት የሥነ ልሳን ምሁራን የቃሉን ቅርጽና በዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚይዘውን ቦታ አስቀደሙ፤ ተውላጠ ስምን ከስም ጋር፣ መስተጻምርን ከመስተዋድድ ጋር ደመሩ፤ ቃለ አጋኖን ከቁጥር አወጡና 5 አደረጉት። ለጽሑፍ ትንተና ከሁለቱ በአንዱ መጽናት ይበቃል፤ በአንድ ድርሰት ውስጥ እያቀላቀሉ መጠቀም ግን አንባቢን ያደናግራል።

የዘይቤ ስሞችም እንዲሁ ናቸው። «ተነጻጻሪ» እና «አነጻጻሪ» ተብለው የተጻፉት አንድ ዘይቤ ናቸው። የአንድን ነገር ክፍል ጠርቶ ሙሉውን ማለት፣ ወይም የዕቃውን ስም ጠርቶ ባለቤቱን ማለት ደግሞ በየመጽሐፉ ሌላ ሌላ ስም አለው። እንዲህ ሲሆን ስያሜውን ከጻፉ በኋላ ምን ማለትዎ እንደሆነ በአንድ ሐረግ ይግለጹ። ስሙ ቢለያይ እንኳ ሐሳቡ አይጠፋም።

«አንቀጽ» ማለት ምን ማለት ነው? በየቦታው ሌላ ትርጉም እያገኘሁ ተቸገርኩ።

ተገቢ ጥያቄ ነው። በድርሰት ትምህርት አንቀጽ ማለት በአንድ ዋና ሐሳብ ዙሪያ የተሰበሰቡ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ዋናውን ሐሳብ የያዘው ዓረፍተ ነገር ኃይለ ቃል ይባላል፤ ሌሎቹ መዘርዝር ሐሳቦች ናቸው። በነባሩ ሰዋስው ግን አንቀጽ ግስን ይመለከታል። ማሰሪያ አንቀጽ ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግስ ነው፤ ቦዝ አንቀጽ «መጥቶ»፣ «አይቶ» የሚለው፣ ብቻውን ነገር የማያስረው ነው። በሕግ ደግሞ አንቀጽ ቁጥር ያለው ድንጋጌ ነው።

«ሐረግ»ም ሁለት ቤት አለው፤ በሰዋስው ከዓረፍተ ነገር በታች ያለ የቃላት ስብስብ፣ በግጥም ደግሞ የስንኝ አካል። በዚህ አይደናገጡ፤ አጠገቡ ያለው ቃል ይፈታዋል። «አንቀጽ»ን «ማሰሪያ» ከቀደመው ግስ ነው፤ «ሦስተኛው» ከቀደመው ምናልባት የድርሰቱ ክፍል ነው።

ሰዋስው ስህተት ለማረም እንጂ ጽሑፍን ለመተንተን ምን ይጠቅማል?

ከሁሉም ይበልጥ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው። ሰዋስውን የስህተት ማደኛ አድርጎ ማስተማር ብዙ ሰው አርቆታል ብዬ አምናለሁ። ጸሐፊ አንድን ነገር ለማለት አራት አምስት መንገድ እያለው አንዱን ሲመርጥ፣ ምርጫው የሚታየው በሰዋስው ነው።

ግሱን እንመልከት። በነባሩ ትምህርት የግስ አምስት አዕማድ አሉ፦ አድራጊ፣ ተደራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራራጊ፣ አደራራጊ። ነገረ፣ ተነገረ፣ አስነገረ፣ ተነጋገረ፣ አነጋገረ። ሥሩ አንድ ነው፤ በእያንዳንዱ ግን የሰዎቹ ቦታ ይቀያየራል። አሁን «ውሳኔውን አሳለፍን» እና «ውሳኔው ተላልፏል» የሚሉትን ያወዳድሩ። በሁለተኛው ውስጥ ወሳኝ የለም፤ ውሳኔው ብቻውን የመጣ ይመስላል። አንድ ጽሑፍ መልካሙን ነገር ሲያወራ በአድራጊ፣ ጥፋቱን ሲያወራ በተደራጊ ግስ የሚጽፍ ከሆነ ጸሐፊው ሳይናገር ተናግሯል። ተደራጊ ግስ ሁሉ መደበቂያ ነው ማለት ግን አይደለም፤ አድራጊው የማይታወቅበት ወይም የማያስፈልግበት ጊዜ ብዙ ነው። መጠየቅ ያለብን «ማን እንዳደረገው ብናውቅ ንባቡ ይለወጣል ወይ?» ብለን ነው።

ሁለተኛው ቦታ ትኩረት ነው። «እኔ ነገርኩት»፤ «የነገርኩት እኔ ነኝ»፤ «እኔማ ነገርኩት»። ወሬው አንድ ነው። ሁለተኛው ግን ሌላ ሰው ነገረው ለሚል የተሰጠ መልስ ይመስላል፤ ሦስተኛው «እኔ የድርሻዬን ተወጥቻለሁ፣ የቀረው የሌላ ነው» የሚል ድምፅ አለው። ይህን ድምፅ ያመጣችው «ማ» ናት። «ም»፣ «ስ» እና «ማ» ትናንሽ ቅጥያዎች ስለሆኑ ዓይን ይስታቸዋል፤ በምልልስ ውስጥ ግን የገጸ ባህርይውን ስሜት ከረጅም ገለጻ ይልቅ እነሱ ያሳዩናል።

ሦስተኛው የዓረፍተ ነገር እስትንፋስ ነው። «ተነሥቶ፣ በሩን ከፍቶ፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ሻንጣውን አንሥቶ ሄደ።» እዚህ አራት ቦዝ አንቀጾች አንድ ማሰሪያ እስኪመጣ ይጠብቃሉ፤ አንባቢም አብሮ ይጠብቃል። አሁን ይበትኑት፦ «ተነሣ። በሩን ከፈተ። ግራ ቀኙን አየ። ሻንጣውን አነሣ። ሄደ።» በመጀመሪያው ሰውየው ልቡ አስቀድሞ ሄዷል፤ መሰናዶው ሁሉ ወደ መሄዱ የሚንደረደር ነው። በሁለተኛው እያንዳንዱ ድርጊት ለየብቻው ይከብዳል፤ በመካከሉ ሊመለስ የሚችል ሰው ይመስላል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ የሚያስር ቋንቋ መሆኑ ለጸሐፊ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ነገሩን እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ መያዝ ይችላል። ስለዚህም ነው ግሱን ወደ ፊት አምጥቶ «መጣ ያ ሰው» ሲል ቀልባችን ቀጥ የሚለው።

አንድ ልጨምር። በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ «አንተ» ወደ «እርስዎ»፣ ወይም «እርስዎ» ወደ «አንቺ» የተለወጠበትን መስመር ካገኙ ያስምሩበት። ሁለቱ ሰዎች መካከል የሆነ ነገር ተሰብሯል፣ ወይም ተጠግኗል። ተውላጠ ስም የሚባለውን ስያሜ ማወቅ ትርፉ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ይታያል።

«እንደ» ካለ ተነጻጻሪ ዘይቤ፣ ከሌለ ተለዋጭ ዘይቤ ነው የሚለው ደንብ ይሠራል?

በግማሽ ይሠራል። ተነጻጻሪ ዘይቤ ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን አቁሞ «ይህ ያንን ይመስላል» ይላል፤ ምልክቶቹም «እንደ»፣ «መሰለ»፣ «ያህል» እና የመሳሰሉት ናቸው። ተለዋጭ ዘይቤ ድንበሩን ያፈርስና «ይህ ያ ነው» ይላል። «ድምፁ እንደ ነጎድጓድ ነው» እና «ድምፁ ነጎድጓድ ነው» ልዩነታቸው ግልጽ ነው።

ነገር ግን «እንደ» በአማርኛ ብዙ ሥራ አለበት። «እንደ መጣ ተቀመጠ» ሲባል ጊዜን ያመለክታል። «እንደሚመጣ ነገረኝ» ሲባል የተነገረውን ነገር ያስተዋውቃል። «እንደ ነገርኩህ አድርግ» ሲባል ደግሞ አኳኋንን ነው። ከእነዚህ አንዱም ዘይቤ አይደለም። «አንበሳ እንደ ነብር ሥጋ በል ነው» የሚለውም ተነጻጻሪ ዘይቤ አይባልም፤ ሁለቱ በእውነት አንድ ዓይነት ስለሆኑ ንጽጽሩ ተራ መረጃ ነው። ዘይቤ የሚሆነው ንጽጽሩ የሩቅ ነገሮችን አገናኝቶ የማናውቀውን ገጽታ ሲያሳየን ነው።

ከግጥሟ ውስጥ «አቅፎ እንደያዘ» የሚለውን ይመልከቱ። «ብርሃኑን እንዳቀፈ ነው የተከዘው» ብለን ካነበብን ሁኔታን ይገልጻል፤ «ያቀፈ ይመስል» ብለን ካነበብን ንጽጽር ይሆናል። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ሁለተኛውን የሚመርጥ ሰው ግን ተሳስተሃል አልለውም።

ምፀት፣ ሽሙጥና ስላቅ አንድ አይደሉም?

ዘመዳሞች ናቸው። ምፀት በሚባለውና በሚታሰበው፣ ወይም በሚጠበቀውና በሚሆነው መካከል ያለ ክፍተት ነው። ሦስት ሰዓት ዘግይቶ የመጣውን ሰው «ምን አስቸኮለህ?» ማለት የቃል ምፀት ነው። ቁልፍ ሠሪው የገዛ ቤቱ ቁልፍ ጠፍቶበት ደጅ ሲያድር የሁኔታ ምፀት ነው። ደብዳቤው ሐሰተኛ መሆኑን ተመልካች እያወቀ ገጸ ባህርይዋ በደስታ ስታነበው ደግሞ በተውኔት የምናገኘው ዓይነት ምፀት ነው።

ስላቅ ግን ዓላማ አለው፤ ያ «ምን አስቸኮለህ?» ሰውየውን ለማሳፈር ከተባለ ስላቅ ሆኗል። ሽሙጥ ደግሞ ስም ሳይጠራ፣ ዞር ብሎ የሚወጋ ነው። የአማርኛ ሥርዓተ ነጥብ ትዕምርተ ሥላቅ የሚባል፣ የተገለበጠ የአጋኖ ምልክት (¡) አለው። ዛሬ ዛሬ እምብዛም አይታይም፤ ስለዚህ የስላቅን መኖር ከቃናው መረዳት የአንባቢው ሥራ ነው።

አያዎ ዘይቤ ምንድን ነው?

ስሙ ራሱ ይነግርዎታል፤ «አይ» እና «አዎ» በአንድ ላይ። የማይስማሙ ሁለት ነገሮችን አጋጥሞ እውነት ማውጣት ነው፤ «የሚጮህ ዝምታ» ማለት አንድ ነው። ያላዩትን ብርሃን ማቀፍም ወደዚያው ይጠጋል።

ሰምና ወርቅ ከተለዋጭ ዘይቤ በምን ይለያል?

ስያሜው ከአንጥረኛ ሥራ የመጣ ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ያወጣል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ በእሳት ሰሙን ያቀልጥና ያስወጣዋል፤ በባዶው ቦታ ቀልጦ የተዘጋጀውን ወርቅ ያፈስሳል። ሰሙ ላዩን የሚሰማው ትርጉም ነው፤ ወርቁ የታሰበው።

በተለዋጭ ዘይቤ «ድምፁ ነጎድጓድ ነው» ሲባል ላዩ ትርጉም ወዲያው ይወድቃል፤ ማንም ሰማይ አያይም። በሰምና ወርቅ ግን ላዩም ውስጡም ሙሉ ሆነው ይቆማሉ። ብዙውን ጊዜ ማጠፊያው ኅብር ቃል፣ ማለት ሁለት ፍቺ ያለው ቃል ነው። «ሠዓሊው ሳለ ቤቱ አማረ» የሚለውን ያንብቡ። «ሳለ» ሥዕል ከመሳል ከሆነ ቤቱን ያሳመረው ሥዕሉ ነው። «እያለ፣ በሕይወት ሳለ» ከሆነ ግን ቤቱን ያሳመረው ሰውየው ራሱ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩም የናፍቆት ይሆናል። ሲነገሩ አንዱ ላልቶ ሌላው ጠብቆ ይሰማል፤ የግእዝ ፊደል ጥብቀትን ስለማያሳይ በወረቀት ላይ አንድ ናቸው። ቅኔ የሚኖረው በዚህ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነው።

በዕለት ተዕለት ንግግር ሁለት ትርጉም ያለው ነገር ሁሉ ሰምና ወርቅ ይባላል። በቅኔ ትምህርት ግን ሰምና ወርቅ፣ ኅብርና ውስጠ ወይራ (ምሥጢሩ በውስጥ የሚደበቅበት) ተለይተው የሚታወቁ መንገዶች ናቸው። ስለ ቅኔ የሚጽፉ ከሆነ ልዩነቱን ማክበር ይገባል።

የግጥምን ምጣኔ እንዴት ልቁጠር? ፊደል ስቆጥር አይመጣልኝም።

ፊደል አይቁጠሩ፤ ቀለም ይቁጠሩ። ቀለም በአንድ ትንፋሽ የሚወጣ የድምፅ ክፍል ነው። ብዙ ሳድስ ፊደላት አናባቢ ሳይኖራቸው ከፊታቸው ባለው ቀለም ላይ ይደገፋሉ። እንዲህ ነው፦

ጨ–ረ–ቃ–ስት–ወ–ጣ / ደ–መ–ና–ተ–ከ–ዘ
ያ–ላ–የ–ውን–ብር–ሃን / አቅ–ፎ–እን–ደ–ያ–ዘ

በእያንዳንዱ ስንኝ 12 ቀለም አለ፤ ከስድስተኛው በኋላ ትንፋሽ ይወሰዳል። ይህ ምጣኔ የወል ቤት ይባላል። በአምስት አምስት ቀለም የሚሄደው ሰንጎ መገን ነው። የስንኞቹ መጨረሻ ላይ የሚገጣጠመው ፊደል፣ እዚህ «ዘ»፣ ቤት መምቻ ነው።

ቆጥሮ ማቆም ግን ሒሳብ እንጂ ትንተና አይሆንም። ዕረፍቱ የት ላይ እንደወደቀ ይመልከቱ። በመጀመሪያው ስንኝ ጨረቃ ከወዲህ ደመና ከወዲያ ሆነው በዕረፍቱ ተለያይተዋል። ቤት መምቻው ደግሞ «ተከዘ»ን ከ«እንደያዘ» ጋር አጣምሮ ሐዘንንና መያዝን በድምፅ አቆራኝቷቸዋል።

ታሪክና ሴራ፣ ርእሰ ጉዳይና ጭብጥ፣ ደራሲና ተራኪ ይምታቱብኛል።

ታሪክ «ከዚያስ?» ለሚለው፣ ሴራ «ለምን?» ለሚለው ይመልሳል። «ልጁ ከቤት ወጣ፤ አባቱ ታመመ» ታሪክ ነው። «ልጁ ከቤት በመውጣቱ አባቱ ታመመ» ሲሆን ሴራ ጀምሯል።

ርእሰ ጉዳይ በአንድ ቃል ይነገራል፤ ስደት፣ ፍቅር፣ ሥልጣን። ጭብጥ ግን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይፈልጋል፤ ጽሑፉ ስለ ስደት ምን ይላል? «የዚህ ልብ ወለድ ጭብጥ ስደት ነው» ብለው ከጻፉ ገና አልጨረሱም።

ደራሲው ብዕር የያዘው ሰው ነው፤ ተራኪው የፈጠረው ድምፅ ነው። «እኔ» እያለ የሚተርክ ድምፅ ሊዋሽ፣ ሊሳሳት፣ ያላወቀውን አውቃለሁ ሊል ይችላል። ሁሉን አወቅ ተራኪም ቢሆን የሁሉንም ልብ እያየ የአንዱን ብቻ ሊከፍትልን ይመርጣል። የማንን ልብ ዘጋብን? ስለ አንጻር፣ ማለት ታሪኩ ከማን ዓይን እንደሚታይ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው።

አሳማኝ ጽሑፍንና ንግግርን ለመተንተንስ?

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው አርስቶትል የማሳመኛ መንገዶችን በሦስት ከፍሏቸዋል፤ ዛሬም ያገለግላሉ። ኢቶስ ተናጋሪው ራሱን ታማኝ የሚያደርግበት ነው፤ «በዚህ ሙያ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ» እንደማለት። ፓቶስ የሰሚውን ስሜት የሚቀሰቅስበት ነው። ሎጎስ አመክንዮው ነው። ሦስቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስለሚጣመሩ ለመቆራረጥ አይቸኩሉ። ይልቅ ሚዛኑን ይዩ፤ ማስረጃው በሳሳበት ቦታ ስሜቱ ከወፈረ ሆን ተብሎ ሊሆን ይችላል።

ሕጸጽ የሚባሉትን የአመክንዮ ስህተቶችም መለየት ይጠቅማል። ሐሳቡን ትቶ ተናጋሪውን መስደብ፣ ብዙ ምርጫ እያለ ሁለት ብቻ አስመስሎ ማቅረብ፣ ተከትሎ የመጣን ነገር ሁሉ ውጤት ማድረግ የተለመዱት ናቸው።

ስያሜዎቹን እንዴት ልያዛቸው? ሸምድጄ ይጠፉብኛል።

አይሸምድዱ፤ ይፍቷቸው። ብዙዎቹ የግእዝ ወይም የተጣመሩ ቃላት ናቸው፤ ሲፈቱ ራሳቸውን ያስረዳሉ። ሰዋስው በግእዝ መሰላል ማለት ነው። ዓረፍተ ነገር የነገር ማረፊያ ነው፤ ማሰሪያ ከሌለው አላረፈም። ተውላጠ ስም የስም ልዋጭ፣ ተውሳከ ግስ የግስ ጭማሪ። መቼት «መቼ» እና «የት» ተጋብተው የወለዱት ነው፤ ስለዚህ ቦታን ብቻ ገልጾ ጊዜን የረሳ የመቼት ትንተና ግማሽ ነው።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ስያሜ የራስዎን ምሳሌ ይጻፉ። ከመጽሐፍ የተቀዳ ምሳሌ በሁለት ቀን ይጠፋል፤ ራስዎ የፈጠሩት ግን ይከርማል። በሳምንት ሁለት ስያሜ ብዙ ነው፤ ከዚያ በላይ አልመክርም።

ትንተና ስጽፍ ስያሜውን እንዴት ላስገባ?

ስያሜውን፣ ማስረጃውንና ውጤቱን አብረው ያስኪዱ። ደካማው አጻጻፍ ይህ ነው፦ «በዚህ ግጥም ውስጥ ሰውኛ፣ አያዎና ቤት መምቻ ይገኛሉ።» የዕቃ ቆጠራ ነው። እኔ ብጽፈው እንዲህ እል ነበር፦

«ገጣሚው ለደመናው የሰጠው ሰውኛ ባሕርይ ቁጣ ወይም ቅናት አይደለም፤ ትካዜ ነው። ይህም ጨረቃን የሚከልለውን ደመና ከተከሳሽ ወንበር አንሥቶ ያዘነ ያደርገዋል። ምክንያቱን ሁለተኛው ስንኝ ይሰጣል፤ ‹ያላየውን ብርሃን› ታቅፏል። ብርሃን በእማሬያዊ (በቀጥተኛ) ፍቺው የጨረቃዋ ነው፤ በፍካሬያዊ (በተዘዋዋሪ) ፍቺው ግን ሰው በእጁ ይዞት የማያውቀው መልካም ነገር ሁሉ ሊሆን ይችላል። ‹ብርሃን› ተሳቢ ሆኖ፣ ‹ያላየውን› ከፊቱ ቀድሞ መምጣቱ ደግሞ ብርሃኑ ገና ስሙ ሳይጠራ እንድናጣው ያደርጋል።»

አራት አምስት ስያሜ አለበት፤ አንዱም ብቻውን አልቆመም። ከተቻለ ስያሜውን ቢያወጡት እንኳ ሐሳቡ የሚቆም ዓረፍተ ነገር ይጻፉ።

ደራሲው ይህን ሁሉ በእርግጥ አስቦበት ነው? ወይስ እኛ ነን የምንጨምርበት?

ማስረጃው በጽሑፉ ውስጥ ካለ የደራሲው ሐሳብ መመስከር የለበትም። ማስረጃ ከሌለ ግን ደራሲው ራሱ «አስቤ ነበር» ቢልም አይረዳም። ትንተና የሚመዘነው በገጹ ላይ ባለው ቃል ነው።

ግጥሟን ስጽፍ የቆጠርኩት ቀለሙን ነበር፤ «ዘ»ንም ፈልጌ ነው ያመጣሁት። ግሶቹን ግን ልብ አላልኳቸውም። «ስትወጣ» አንስታይ ጾታ ነው፤ «ተከዘ» ተባዕታይ። ሁለቱ ስንኞች ለካ ስለ አንዲት ሴትና አቅፏት እያለ ስላላያት አንድ ወንድ ሊነበቡ ይችላሉ። ይህን ያየሁት እንደ ማንኛውም አንባቢ ባለቤቱንና ግሱን አዛምጄ ስፈትሽ ነው።